ቻው የተባልኩባት ከተማ

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ወሎ ሰፈር ያለችው ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፤ ደንበኛ ከሌለ ዕቃ እደረድራለሁ፣ ከተደረደረም አፍርሼ እንደገና እደረድራለሁ። የምሸጠው የመኪና መለዋወጫ ነው። ከሱቄ ጎን የአባቴ፣ የአባባ ጋራዥ ነበር፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ አባባ ሱቄ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጣሉ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለዩታል። «የዚህኛው ካንዴላ አርጅቷል» ይላሉ ሳያዩት። ሳያዩት የምለው ለአባባል አይደለም። ዓይናቸው እየከዳቸው ነው።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለ። አባባ አመስግነውት ወጡና ታክሲ ያዝን። ታክሲው ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው ወደ መስኮቱ እንደዞሩ የተናገሩት።

«እህትሽን አይተሻት ነይ።»

«እሺ፣ ትምጣ እላታለሁ» አልኳቸው።

«እንደሱ አላልኩሽም። ደህና መሆኗን አይተሽ ነይ። ስለ ዓይኔ ደግሞ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ለዓይኔ አዝና እንድትመጣ አልፈልግም። ማዪልኝ።»

ማልኩላቸው። መማሌ ዛሬም ያናድደኛል።

እህቴ ጣሊያን ከሄደች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች እኛን ያሳደጉን አባባ ናቸው፤ ያሳደጉን ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ነው። የሄደች ዕለት ሻንጣዋ ተጭኖ፣ ታክሲው ውጭ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቃት፣ በጋራዡ በር አንገቷን አስግጋ «ቻው አባባ» አለች። አባባ መኪና ስር ተኝተው ነበር፤ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። አልመለሱላትም። ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከመኪናው ስር የቁልፍ ድምፅ እንጂ ሌላ አልወጣም። ሄደች።

የሁለቱንም ወገን ለዓመታት ሳዳምጥ የኖርኩት እኔ ነኝ። እሷ፣ «ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ ታክሲው ሊያመልጠኝ ነበር፣ ፊታቸውን ነፈጉኝ» ትላለች። እሳቸው ደግሞ፣ «ባሕር ማዶ የሚሄድ ልጅ ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው የሚሄደው፤ እሷ ዳቦ ልትገዛ እንደምትወጣ ሁሉ ቻው ብላኝ ሄደች» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ያቺን ቃል የሚያነሳት የለም። ደንበኞቼ «ቻው» ብለውኝ ሲወጡ እንኳ አባባ ፊታቸው ይጠቁራል። እህቴ በበዓል ስትደውል ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። «ሰላም በያት» ይላሉ። «ሰላም በያቸው» ትላለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሁለት እልኸኞች ሰላምታ አመላላሽ ሆኜ ኖርኩ።

ቪዛዬ ሲወጣ ሱቁንም አባባንም ለአክስቴ ልጅ አደራ ብዬ ሄድኩ። ጣሊያንኛ አውቃለሁ ብዬ ነበር። አባባ ሙያውን የተማሩት አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ፣ እኛም ያደግነው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ ሲባል እየሰማን ነው። «ሚጣ፣ ፒንሳውን አቀብይኝ» እየተባልኩ ነው አፌን የፈታሁት ማለት ይቻላል። አውሮፕላኑ ውስጥ የማውቃቸውን ቃላት በጣቴ ቆጠርኳቸው፤ አርባ ያህል ሆኑ። ልቤ አበጠ። በአርባዎቹ አንድ መኪና ፈታትቶ መልሶ መግጠም ይቻላል። ውኃ ጠምቶኛል ማለት ግን እንደማይቻል የገባኝ ወደ እህቴ ከተማ በሚወስደኝ ባቡር ውስጥ ነው።

እህቴ የምትኖርባትን ከተማ ስም አልጽፈውም፤ ትንሽ ስለሆነች ማን እንደሆንን ይታወቅብናል። ባሕሩ አፋፍ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን የድንጋይ ግንብ የያዛት አሮጌ ከተማ ናት። እህቴ ጣቢያው ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች፣ ፀጉሯም ጣል ጣል ብሎ ሸብቷል። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ ሰዓቷን አየች። የምታስታምማቸውን ሴትዮ ለጎረቤት ትታ ነበር የመጣችው። ሲኞራ ነው የምትላቸው፣ እኔም ሲኞራዋ እያልኩ ቀረሁ። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠናው ተጠግቷል፣ ቤታቸው ደግሞ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት ፎቅ ላይ ነው።

ሳሎኑ በር ላይ ሻንጣዬን ይዤ ቆምኩ። እህቴ ጥዳው የሄደችው ነገር ሲያር ሸቷት ወደ ኩሽና ሮጠች። ሲኞራዋ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኙኝ። ከዚያ እጃቸውን አነሱና ጣቶቻቸውን እያወዛወዙ «ቻው» አሉኝ።

ክው አልኩ። ሌሊቱን በአውሮፕላን፣ ጠዋቱን በባቡር መጥቼ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ሻንጣ ተሸክሜ ወጥቼ፣ ቁጭ በይ እንኳ ሳልባል ቻው። እኛ ሰፈር የሚሰጠው ያጣ ሰው ለማኙን እንኳ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ነው የሚሸኘው። ሲፈጥረኝ ቶሎ ነው ግንፍል የምለው። ሻንጣዬን አዞርኩና ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ።

እህቴ ማማሰያ እንደያዘች ደርሳብኝ ክንዴን ያዘች።

«ወዴት ነው? ምን ሆንሽ?»

«አሰናበቱኝ።»

«ማን?»

«ሲኞራሽ ናቸዋ። ገና ሳልገባ ቻው አሉኝ።»

ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። ሳቋ አላስወራ አላት።

«ሚጣዬ፣ እዚህ እኮ ቻው ሲሄዱም ነው፣ ሲመጡም ነው። ሰላም እያሉሽ ነው።»

«ሲመጡም?»

«ሲመጡም።»

ሳቋ ቀስ እያለ አለቀና ማማሰያውን እያየች ቀረች። ምን ትዝ እንዳላት አውቄያለሁ፣ እኔም ትዝ ያለኝ እሱው ነው። መኪና ስር የተዘረጉት ሁለት እግሮች። ተነሽ ብዬ አነሳኋትና ተያይዘን ወጣን።

አሥር ቀን ነበረኝ። የእህቴ እረፍት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ሲኞራዋ ቤት ውስጥ ሰው ሲመላለስ ይረበሻሉ፣ እኔ ደግሞ ሳልመላለስ መቀመጥ አልችልም። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እየወጣሁ ራት እስኪደርስ ድረስ እግሬ እስኪቀጥን ከተማዋን መዞር ሆነ ሥራዬ። ሌላው ሰው ለዚህ ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል፤ ካርታ ይዘው፣ ቆብ አድርገው፣ ግንብ እያዩ ሲደነቁ አያቸዋለሁ። እኔ ግንቡም ደረጃውም የሚታየኝ በግማሽ ዓይኔ ነው። አፌ ውስጥ የማልኩበት ነገር አለ፤ በተራመድኩ ቁጥር ወደ ጥርሴ ይጠጋል።

መንገዶቿ ሁለት ሰው ከተላለፈባቸው አንዱ ግድግዳ የሚታከክባቸው ናቸው። የንጣፉ ድንጋይ ስንት ዘመን ሲረገጥ ኖሮ ያለቀ ሳሙና ይመስላል፣ እንደሳሙናም ያንሸራትታል። ከላይ ከመስኮት መስኮት ገመድ ተዘርግቶ ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት ሴት ገመዱን እየሳበች ለጎረቤቷ ስትጮህ ከንግግሯ መሃል «ካናቴራ» የምትል ቃል ሰማሁ። ቀና ስል እውነትም የወንድ ካናቴራ ነው የምታወርደው። አርባ አንድ ሆኑ።

የሚያናድደኝ የመንገዱ ጠመዝማዛነት ነው። ወሎ ሰፈር ላይ የቆመ ሰው ወደ ቦሌ ይሄዳል ወይ ወደ መስቀል አደባባይ ይሄዳል፤ አለቀ። እዚህ ወደ ባሕሩ እወርዳለሁ ብዬ የጀመርኩት ቁልቁለት ሦስቴ ተጠማዞ ከተነሳሁበት የግንብ በር ይመልሰኛል። በሩ ላይ ቆሜ ከራሴ ጋር እጣላለሁ፣ እንደገና እወርዳለሁ፣ እንደገና እመለሳለሁ። አንዴ ቡና ቤት ገብቼ በኩራት «ማኪያቶ» አልኩ። በጣት የምትያዝ ስኒ ውስጥ ወተት የነካካው ጥቁር ቡና አመጡልኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ እንዲህ ያለ ማኪያቶ ያቀረበ አስተናጋጅ ተመልሶ ይላካል። ቃሉ የእነሱ ስለሆነ ዝም ብዬ ጠጣሁት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ከተማዋ ጥርቅም ትላለች። መዝጊያው ሁሉ ይወርዳል፣ መንገዱ ላይ ድመት ብቻ ይቀራል። ነጋዴ ነኝና በመጀመሪያው ቀን አደጋ ደርሶ መሰለኝ። እህቴን ማታ ስጠይቃት ምሳ በልተው ይተኛሉ አለችኝ። ወሎ ሰፈር በቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሱቁን የሚዘጋ ሰው ቢገኝ ሰው ሞቶበታል ተብሎ ለቅሶ ነበር የሚደረሰው። እኔ በዚያ ሰዓት የተዘጋ በር እያየሁ፣ ያገኘሁትን ዳቦ እየገመጥኩ እዞራለሁ። የጫማዬን ድምፅ ከግድግዳው ስሰማው የሚከተለኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ማምለጫዬ ወደቡ ነበር። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ባሕር ሲያይ ልቡ ያርፋል ይላሉ፤ የኔ አላረፈም፤ ግን ወደድኩት፣ እሱም እንደኔ የማይረጋ ስለሆነ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አባባ ጋ ደወልኩ።

«አየሻት?»

«አየኋት።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ከስታለች?»

«ትንሽ።»

 በመስመሩ የወሎ ሰፈር ጥሩምባ ይሰማኛል። እሳቸው ደግሞ፣ «ያ ከኋላሽ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ባሕሩ ነው።»

እንደ ሞተር አዳመጡት። «ሚኒሞው አልተስተካከለም፤ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል» አሉ፣ ቆሞ የሚያጉረመርም መኪና መጥቶላቸው ይመስል። ሳቅኩና ስልኩን ስዘጋው እንባዬ መጣ። ከባሕሩ በቀር የጠየቁኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሦስቴ አገላብጠው።

ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ነበር። ባለፍኩ ቁጥር መርፌውን ከፍ አድርጎ «ቻው» ይለኛል። ትርጉሙን ከተማርኩ በኋላም ለሁለት ቀን አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ። ሰው ስትጠጋ ቻው ማለት ግብዣ ላይ ገና ሳትበላ እጅህን ታጥበህ እንደመነሳት ነው የሆነብኝ። በሦስተኛው ቀን እንደምንም አልኩት። ሽማግሌው ደስ ብሎት ብዙ ነገር ተናገረ፤ ከተናገረው ውስጥ ከአርባ አንዱ አንድም አልነበረበትም።

ረቡዕ ዕለት ፀሐዩ ሲበረታብኝ አደባባዩ ላይ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ከበሩ አጠገብ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ካንዴላ ይላል። እዚህ ካንዴላ ይሸጣል። ለስንት ዓመት የሞተር እሳት የሚያጭረውን ካንዴላ ስሸጥ የኖርኩ ሴት፣ ለመሆኑ ለየትኛው ሞተር ነው ብዬ ሳጥኑ ውስጥ ሳይ የተደረደረው ሻማ ነው። ካንዴላ ማለት ለካ ሻማ ኖሯል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪናው ውስጥ ሻማ ሲለኩሱ ነው የኖሩት።

ብቻዬን ሳቅኩና ወዲያው አፈርኩ። ሳንቲም ጥዬ አንዱን አነሳሁ። መድኃኔዓለም ቢሆን ጧፍ ነበር የማበራው፤ ያገኘሁት ይሄ ስለሆነ እሱን ለኮስኩና ለዓይናቸው ብዬ አቆምኩት። ቋንቋዬን የሚሰማ ስለሌለ ጮክ ብዬ «ትምጣላቸው» አልኩ። መሐላዬ ትዝ ሲለኝ ግን ፈጣሪ ፊት የመጣሁት የማልኩትን ለማስፈታት መሰለኝና ወጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት እህቴ ተለቀቀች። ግንቡ ላይ ወጣን። መቼም አስጎብኚ ብትሆን ይዋጣላት ነበር። «መቼ ነው የምትመጪው?» ስላት «ያንን ማማ አየሽው? የባሕር ወንበዴ ሲመጣ ደወል የሚደወልበት ነው» ትለኛለች። «የዓመት ፈቃድሽ ስንት ቀን ነው?» ስላት «ይሄ በር ድሮ ፀሐይ ስትገባ ይዘጋ ነበር» ትላለች። የከተማዋን ታሪክ በሙሉ የተማርኩት ለጥያቄዬ ማምለጫ ሆኖ ነው። ስለ አባባ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ጫማዋን እያሰረች፦ «አሁንም ማታ ማታ ሬዲዮ ይሰማሉ?» ይሰማሉ አልኳት። ዛሬ ዛሬ የቀራቸው ሬዲዮ ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

እሑድ አመሻሹ ላይ የሆነውን ለመናገር ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት።

እሑድ አመሻሹ ላይ ከተማው በሙሉ ለባብሶ ይወጣል። ከግንቡ በር ይነሱና ዋናውን መንገድ ይዘው ወደቡ ድረስ ይወርዳሉ፤ እዚያ ዞረው ይመለሳሉ፤ በሩ ላይ ዞረው እንደገና ይወርዳሉ። ባል ከሚስቱ፣ አሮጊት ከሠራተኛዋ፣ ወጣቱ ተቃቅፎ። የሚገዙት የለም፣ የሚደርሱበትም የለም። እኛም ክንድ ለክንድ ተያይዘን ገባንበት።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አልኳት።

«የትም። ወክ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪበቃቸው።»

የሚያውቋት ብዙ ናቸው። ስንተላለፍ ሁሉም «ቻው» ይሏታል፣ እሷም «ቻው» ትላለች። ዞረን ስንመለስ እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ፣ እንደገና ቻው። አንዲት ቀይ ሻርፕ ያደረገች ሴት በመጀመሪያው ዙር ስትለን የመምጣቷ ነበር፣ በሁለተኛው የመሄዷ፣ በሦስተኛው ዙር የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። እህቴ በየመሃሉ ስለ ሲኞራዋ መድኃኒት፣ ስለ ቲማቲም መወደድ ታወራልኛለች። አራተኛውን ዙር ስንጀምር ከነገ ወዲያ እንደምሄድ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ይሄው መመላለስ በስልክ ሊቀጥል ነው፤ ሰላም በያት፣ ሰላም በያቸው፤ ወደብ ድረስ፣ በር ድረስ። ደሜ ፈላ።

«ዓይናቸው እየጠፋ ነው» አልኩ።

ቆመች። «የማን?»

«የአባባ። ግላኮማ ነው። ግራው ጠፍቷል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። እንዳልነግርሽ አስምለውኛል፤ ይኸው ነገርኩሽ።»

ሰው በግራና በቀኛችን እየተከፈለ ያልፋል። አንዱ ቻው አላት፣ አልመለሰችለትም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከታወቀ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«በዓል ስደውል ዝም ብለሽ ሰላም ብለውሻል ትይኝ ነበር።»

«ብለውሽ ነበራ። እሱ ውሸት አይደለም።»

«አልጠሩኝም እኮ» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ።

«አይጠሩሽም። አንቺም አትመጪም። እሳቸው ሳይመርቋት በሄደችው ልጃቸው ያዝናሉ፣ አንቺ በር ላይ በጠበቅሽባት በዚያች ደቂቃ ታዝኛለሽ፣ እኔ መሃል ለመሃል እግሬ ቀጠነ። ሰለቸኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሁለታችሁም ሰለቻችሁኝ።»

እንዲህ ብዬ ተናግሬያት አላውቅም፤ ታላቄ ናት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የሕፃን በሚመስል ድምፅ፣ «መጥቼስ ከመኪናው ስር ባይወጡ?» አለችኝ።

ያኔ ነው ያሳዘነችኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጋራዡ በር ላይ አንገቷን አስግጋ እንደቆመች ነው።

«ጋራዡ ፈርሷል» አልኳት። «የሚተኙበት መኪና የለም። በር ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት።»

 ሲኞራዋን የምትረከብበት ሰዓት እስኪደርስ ሁለት ዙር ያህል ክንድ ለክንድ ተያይዘን ዞርን። ማክሰኞ ጠዋት ጣቢያው ላይ ስትሸኘኝ እመጣለሁ ትለኛለች ብዬ ዓይን ዓይኗን አየሁ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጇን አነሳችና «ቻው» አለችኝ። የትኛው እንደሆነ መጠየቂያ ጊዜ አልነበረኝም።

ወሎ ሰፈር ገብቼ ሳምንት ሳይሞላኝ አዲስ ልማድ ጀመርኩ። ሱቁን ስዘጋ አባባን ክንዳቸውን ይዤ አስነሳቸውና አዲሱን የእግር መንገድ ይዘን እስከ ሩዋንዳ ሰፈር ሄደን እንመለሳለን። ንጣፉ ሰፊና ደልዳላ ስለሆነ ለእሳቸውም አያስቸግርም።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«የትም።»

«ታዲያ ለምን እንሄዳለን?»

«እዚያ እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አልኳቸው። የማይረባ ነገር ነው አሉ፤ በማግስቱ ግን ሱቁን ስዘጋ ከዘራቸውን ይዘው ተነስተው ጠበቁኝ። እዚያው መንገድ ላይ ነው መሐላዬን እንዳፈረስኩ የነገርኳቸው። ክንዳቸውን ከእጄ አወጡ። ሦስት ቀን አላናገሩኝም፤ ወክ ግን አልቀረም፣ ዝም ብለው ክንዳቸውን ይሰጡኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዝምታው አንገሸገሸኝና ሲኞራዋ ቤት የሆንኩትን ነገርኳቸው። ሻንጣዬን፣ ደረጃውን፣ የእህቴን ማማሰያ ሁሉ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ቆሙ።

«ሲመጡም?» አሉ።

«ሲመጡም።»

ከአጠገባችን አንድ ሚኒባስ ሰው አውርዶ ሄደ። የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ቆዩ። «ያ ያስተማረኝ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ጋራዥ ሲገባ ቻው ይለን ነበር» አሉ። «እኛ እኮ ሰክሮ ነው እያልን ነበር የምንስቀው።» ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም።

ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ከእህቴ አጭር መልእክት መጣልኝ። ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ፣ ሦስት ሳምንት ነው የተፈቀደልኝ ይላል። አባባ ዓርብ ዕለት ፀጉራቸውን ተስተካከሉ። ቅዳሜ ኮታቸውን ለብሰው ከኔ ቀድመው በር ላይ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ቀኙ ዓይናቸውም ብርሃንና ጥላ ከመለየት ያለፈ አልቀረውም። ቦሌ ኤርፖርት እንግዳ መቀበያው ቦታ ላይ ከሰው ጋር ተጋፍተን ቆምን። ሰው በወጣ ቁጥር «እሷ ናት?» ይሉኛል። አይደለችም እላቸዋለሁ። እኔው ራሴ መቆም አቅቶኝ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እላለሁ። «እርጊ እንጂ» አሉኝ፣ እሳቸው ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እያገላበጡ።

ወጣች። አየችን። ሻንጣዋን እየጎተተች መጥታ አምስት እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች።  ምን እንዳስፈራት አውቃለሁ፤ ምን ብላ ትጀምር? ሂጂ እንጂ ብዬ በዓይኔ ተቆጣኋት። አልተንቀሳቀሰችም።

አባባ የሻንጣው ጎማ ድምፅ የቆመበትን ለይተውታል። ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደዚያ አዞሩና «ቻው» አሉ።

 ያን ደረጃ ሻንጣ ይዤ የወረድኩት እኔ፣ ነገሩን ለእሳቸው ያስረዳሁትም እኔ ሆኜ፣ ለአንድ አፍታ ከመጣችበት ሊመልሷት ነው ብዬ ደነገጥኩ። እህቴ ግን ሻንጣዋን ለቀቀችው። መጥታ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከችና ጉልበታቸውን አቅፋ፣ ፊቷን ኮታቸው ውስጥ እንደቀበረች «ቻው አባባ» አለች።

ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። በሁለት እጃቸው ፀጉሯን ዳሰሱ፣ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን፤ ጨለማ ውስጥ የወደቀ ብሎን ሲፈልጉ እንደሚያደርጉት፣ ሳይቸኩሉ።

«የዚያን ቀንም እኮ ሰምቼሻለሁ» አሏት።